ሰርቪስ

የመጣሁ ዕለት ማታ፣ ከቦዲቲ ወርጄ፣
ሻንጣዬ በአንድ እጄ፣ አገልግል በአንድ እጄ፣
ደላላው ቀደመኝ፤ በአቶቴ ጀርባ
ከአንድ ትልቅ ግቢ ሰተት ብሎ ገባ።
ቪላውን ሳይ ቆምኩኝ። ሳቀብኝ ደላላው፦
«ያንቺስ ሰርቪሱ ነው፤ እዚያ፣ ከኋላው።»
አንድ በር፣ አንድ አምፖል፣ የቆርቆሮ ጣራ፣
ዝናብ የመጣ ቀን ሌሊቱን ሲያወራ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰማዩ ሳይቀላ፣
ምንታምር በሬን መታች፦ «ሰርቪስ ሄደ!» ብላ።
ሰርቪስ ሄደ?
እኔ የተኛሁበት፣
ሻንጣዬን እንኳን ገና ያልፈታሁበት፣
የአንድ ወር ቀብድ ከፍዬ ትናንት የገባሁበት፣
ይሄ ቤት ነው የሄደው?

ለካስ አውቶብስ ነው፤ ሌላ ሰርቪስ መጥቶ
ከአስፋልቱ ዳር ቆሟል መብራቱን አብርቶ።
ሹፌሩ ዱካሞ ሰው አይጠብቅም፤
ሁለቴ ይነፋል፣ ሦስተኛ አያውቅም።
ከመብራት ምሰሶው ጫፍ አባ ኮዳ ቆሞ፣
አንገቱን ቀብሮ፣ እንደ አለቃ ተጣሞ፣
ይቆጥረናል ቁልቁል፦
አርባ ስምንት ወንበር፣ ስልሳ ሁለት እንቅልፍ።

ከዚያ ወዲያ ቃሉ ተከታተለኝ።
ጎረቤቴ ሱራፌል፣ የጋራዥ ልጅ፣
ቅዳሜ ከሰዓት፣ እጁን በኦሞ እየፈተገ፣
«ሦስት መኪና ዛሬ» ይለኛል «ሰርቪስ አደረግ።»
ዘይት መቀየር ነው፣ ፊልትሮ ማራገፍ፣
አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር የሮጠን ማሳረፍ።
«ሰውስ በስንት ይገባል?» አልኩት።
ጨርቁን አራገፈ፦
«ሰውማ እስኪቆም ነው» አለኝና አለፈ።

አከራዬ አቶ ላምቤቦ ጡረተኛ ናቸው።
ሰርቪስ ማለት ዓመት ነው፣ ዕድሜ ነው ለሳቸው።
«ሠላሳ ሁለት ዓመት ሰርቪስ አለኝ» ይላሉ፣
ደብዳቤዎቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው።
አንድ ዓመት ከመንፈቁ ጠፍቷል ከመዝገብ ቤት፤
እሱን ፍለጋ ነው የሚወጡት ሰኞ ጠዋት ጠዋት።

አንዴ፣ በደመወዝ ቀን፣ እኔና ምንታምር
ሁለት ለስላሳ አዘዝን ከሐይቁ ዳር።
ሂሳቡ ሲመጣ፦ «ሰርቪስ፣ አሥር ፐርሰንት»።
«ይሄንንስ አላዘዝንም!»
አስተናጋጁ ፊቱን ወደ ውኃው አዞረ፤
እሱም ያንን አሥር ፐርሰንት
አይቶት አያውቅም ነበረ።

ኋላ መዝገበ ቃላት ከመንገድ ዳር ገዛሁ፣ ያገለገለ፤
ከኤስ ፊደል ሥር ፈለግኩት፣ አንድ ቃል ብቻ አለ፦
አገልግሎት።
በደከመ ዓይኔ፣ በዚያች በአንድ አምፖል
«አገልግል» ብዬ አነበብኩት።
ሆዴ ነው ያነበበው።
እናቴ በጠፍር ያሰረችው፣
ቆጮው ከሥር፣ ዳጣው በጨርቅ የተቋጠረ፣
ስንት ቀን በላሁት ከጉርሻ ጉርሻ እየቆጠርኩ!
ባዶው እስከዛሬ ከራስጌዬ ተሰቅሎ አለ።
እሱም አገለገለ።

እሁድ ከሰዓት፣ ከታቦር ተራራ ሥር፣
መስመር ሰባት ከመስመር አራት ይጋጠማል።
መረቡን የሰጡን ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤
ቆሮሶ ቆሮሶ ይሸታል።
ዳኛው ዱካሞ ነው። ጡሩምባ የለመደ ሰው
ፊሽካ ምን ይቸግረዋል?

ኳሱ ወጣ። አቧራው ቀስ ብሎ ተኛ።
«ሰርቪስ የማን ነው?» ብሎ ጮኸ ዳኛ።

ቤቱ የአቶ ላምቤቦ፣
አውቶብሱ የድርጅቱ፣
አሥሩን ፐርሰንት እንኳ እግዜር ይወቅለት።
ሳምንቱን ሙሉ እጅጌ የሰፋሁለት
ትከሻም አለ፣ አንድም ቀን አላየሁት።

«የኔ ነው» አልኩኝ።
ድምፄ ለራሴም ጮኸብኝ።
ከመስመሩ ኋላ ቆምኩ፣ ነጠላ ጫማዬን አውልቄ፤
ከሐይቁ ነፋስ መጣ፣ ቀሚሴን ይዤ፣
ኳሷን ወደ ላይ ወረወርኳት።

ገና አልመታኋትም።